ላዳ ዳገት ላይ ይፈላል፦ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከመውረዱ በፊት ቤት ውስጥ ምን ይታይ?

ሰማያዊ በነጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ላዳ 2106 ናት። ሞተሯ 1.6፣ ባለ ሰንሰለት፣ ካርቡራተሯ ኦዞን። ከተማ ውስጥ ሜዳ ላይ የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ይቆማል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጣ ግን 10 ደቂቃ ሳይሞላ ቀዩ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው በትርፍ መያዣው በኩል ይተፋል። ቁልቁለት ላይ ይበርዳል። ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ነጭ ጭስም የለም። ቴርሞስታቱ ድሮ ወጥቶ በምትኩ ባለ ሦስት አፍ ቱቦ ገብቷል። ውስጧ ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው። ጋራዥ ያየው ሰው "ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል፣ ቴስታታው ይውረድ" ብሏል። ከዚያ በፊት በተራ መሣሪያ ምን ምን ይመርመር? በቅደም ተከተል ብትነግሩኝ።

ቁልፍ 13፦

ቴስታታውን ገና አትንካው። ምክንያቱን ራስህ ጽፈኸዋል፦ ባለ ሦስት አፍ ቱቦው።

የላዳ ቴርሞስታት እንደ ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ቴስታታው መውጫ ላይ የተቀመጠ አንድ በር አይደለም። ሦስት ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) የሚገቡበት የብቻው ዕቃ ነው፤ ውስጡ ሁለት በር አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከራዲያተር የሚመጣው በር ይዘጋና ከቴስታታ የወጣው ውሃ በአጭሩ መንገድ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ሲሞቅ አጭሩ መንገድ ይዘጋና ውሃው በሙሉ በራዲያተር በኩል እንዲዞር ይገደዳል። ቱቦው ሲገባ ሁለቱም መንገዶች ሁልጊዜ ክፍት ይሆናሉ። ውሃ ደግሞ የሚሄደው በቀለለው ነው፤ ራዲያተሩን ሳያይ ከቴስታታ ወደ ፓምፕ፣ ከፓምፕ ወደ ሞተር ይመላለሳል። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ በራዲያተር የሚያልፈው ጥቂት ውሃ ይበቃል። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ጋዝ ተረግጦ ሲወጣ አይበቃም። ያንተ ምልክት ቃል በቃል ይሄ ነው።

አዲስ ቴርሞስታት ግዛና ከመግጠምህ በፊት ፈትሸው። በሩ ዝግ እንዳለ ቀጭን ክር አስነክሰው፤ በክሩ አንጠልጥለህ ድስት ውሃ ውስጥ አጥልቀውና ቴርሞሜትር ከጎኑ አድርገህ አሙቅ። ክሩ የሚለቅበት ዲግሪ በሩ መከፈት የጀመረበት ነው፤ ከ77 እስከ 86 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ቴርሞስታቱ ጨርሶ የሚከፈተው ደግሞ ከ90 በላይ ነው። ስለዚህ ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ ተበላሽቷል ብለህ አትጣለው። ብዙ ደህና ቴርሞስታት በዚህ ስህተት ተመልሷል።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲበርድ ከራዲያተሩ ግርጌና በግራ በኩል ሞተሩ ላይ ካለው ባለ 13 ቁልፍ ብሎን ውሃውን አፍስስ። ሦስቱን ፋሸታ (የማኒኮቶ ማሰሪያ) ፈትተህ ማኒኮቶዎቹን እያሽከረከርክ አውጣ። ጎማቸው ከተሰነጠቀ ወይም ሲጨመቅ እንደ ዳቦ ከለሰለሰ አብረህ ቀይር። አጭሩን መንገድ ብቻ በጨርቅ ወይም በእንጨት የሚደፍኑ አሉ፤ መንገድ ላይ ከቀረህ ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው። እንደዚያ ሆኖ የሚነዳ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል፣ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) ቶሎ ያልቃል።

ዳገት ወጪ፦

ከቴርሞስታቱ እኩል የራዲያተሩን ክዳን እዩት። እኛ አገር በጣም የሚናቅ ዕቃ ነው፤ በተለይ ከፍታ ላይ ዋጋው ትልቅ ነው።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ባሕር ወለል ላይ 101 ነው። የላዳ ክዳን ሞላ የሚለቀው ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው በ50 ኪሎ ፓስካል ሲበልጥ ነው። ክዳኑ ደህና ከሆነ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ውሃ እዚህ ከተማ የሚፈላው 106 ዲግሪ ላይ ነው። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የሞተ ክዳን ግን ምንም አይዝም፤ ያው 92 ላይ ይፈላል። ቴርሞስታቱ 80 አካባቢ መከፈት የሚጀምር ሞተር 92 ላይ የሚፈላ ውሃ ይዞ ዳገት ሲወጣ የሚተርፈው ዕድል በጣም ጠባብ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆንክ መፍያው ከ90 ዲግሪም ዝቅ ይላል።

ስለዚህ "ፈላ" ማለት ሁልጊዜ "ከልክ በላይ ሞቀ" ማለት አይደለም። ጌጁ መሃል ላይ እያለ የሚተፋ ከሆነ ክዳኑ ነው። ጌጁ ቀይ ገብቶ የሚተፋ ከሆነ የውሃ ዝውውር ወይም የአየር ችግር ነው።

ክዳኑን ሲበርድ አውጥተህ የታችኛውን የጎማ ቀለበት በጥፍር ጫን፤ ከደረቀ ወይም ክብ ጠባሳ ከያዘ ቀይር። መሃል ላይ ያለችውን ትንሿን መመለሻ በር በጣት ሳብ አድርገህ ልቀቃት፤ ተመልሳ መዝጋት አለባት። እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲበርድ ውሃው ከትርፍ መያዣው ወደ ራዲያተር አይመለስም፤ ማኒኮቶውም ጠዋት ተጨፍልቆ ታገኘዋለህ። ከሌላ መኪና የመጣ 0.9 ወይም 1.1 የተጻፈበት ክዳን አትግጠም። የድሮ የላዳ ራዲያተርና የሂተር ቧንቧ ለዚያ ግፊት አልተሠራም፤ ብየዳው ይለቃል።

ሰማያዊ በነጭ፦

ክዳኑን አሁን አወጣሁት፤ ጎማው ተሰንጥቋል። አንድ ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ ብቻ መጠቀም ይጎዳል? ራዲያተሩን በሎሚ የሚያጥቡም አሉ።

ቁልፍ 13፦

ይጎዳል። ላዳ ላይ ሞተሩ የብረት፣ ቴስታታው የአልሙኒየም ነው፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ ሲሆን አልሙኒየሙ ይበላል፣ ብረቱ ይዝጋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ድንጋይ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥም ይሠራል። ኩላንት ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ብትቀላቅል ዝገቱን ይከላከላል፣ መፍያውንም ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ አታወፍረው፤ ሙቀት የሚሸከመው ውሃው ነው። ሂተሩን ጨምሮ መላው የማቀዝቀዣ ሥርዓት የሚይዘው 9.85 ሊትር ነው፤ 5 ሊትር ኩላንት ገዝተህ በውሃ ሙላው።

ሎሚ ጨምቆ ማስገባት አይሆንም፤ ጭማቂው ስኳርና ቃጫ አለው። ነጩን ዱቄት ሲትሪክ አሲድ ተጠቀም። 200 ግራም በሙቅ ውሃ አሟሙተህ አስገባና ሙላ፤ የሂተሩን ውሃ መክፈቻ ክፈት፣ ጌጁ መደበኛው ላይ ከደረሰ በኋላ 20 ደቂቃ አሠራው። ሲበርድ አፍስስ፣ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ እያሠራህ እጠብ፤ የሚወጣው ውሃ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ። ውስጡ አታሳድረው፣ አልሙኒየሙን ይነካል። አንድ ነገር ቀድመህ እወቅ፦ ድንጋዩ ደፍኖት የነበረ ቀዳዳ ካለ ከእጥበቱ በኋላ ማንጠብጠብ ይጀምራል። አሲዱ አላበላሸውም፣ ቀድሞም ቀዳዳ ነበር። የናስ ራዲያተር ከሆነ በቆርቆሮ ይበየዳል።

ስትሞላ አየሩን አስወጣ። ፊቷን ዳገት ላይ አቁማት፣ ሂተሩን ክፈት፣ ከካርቡራተሩ ሥር ወደ ማኒፎልዱ የምትገባዋን ቀጭን የውሃ ቱቦ ፈታ አድርግ፤ አረፋ የሌለው ውሃ ሲመጣ እሰራት። ትርፍ መያዣው ሲበርድ ከዝቅተኛው ምልክት 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። አየር ቴስታታው ውስጥ ከቀረ ጌጁ ይዘላል፤ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ዜሮ።

ቦቢና፦

በውሃው ጉዳይ እስማማለሁ። ግን የመለኮሻው ሰዓት (ብልጭታው የሚነሳበት ቅጽበት) ወደኋላ የቀረ ሞተርም ዳገት ላይ እንደዚሁ ያቃጥላል፤ ቤንዚኑ ዘግይቶ ሲነድ ሙቀቱ ሥራ ሳይሠራ ወደ ቴስታታውና ወደ ማርሚታው ይሄዳል። ኃይሉም ስለሚቀንስ አሽከርካሪው ጋዝ ይጨምራል።

ፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተ ብልጭታ የሚያስነሳው መገናኛ) መጀመሪያ። ጫፉ ከተቃጠለ በስስ ፋይል አስተካክል፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን (ከ0.35 እስከ 0.45)። ፑንቲናው ሳይስተካከል ሰዓቱን ብታስተካክል ከንቱ ነው፤ ክፍተቱ ሲቀየር ሰዓቱም ይቀየራል። ለዚህ ዓይነቱ መለኮሻ የካንዴላው (ሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) ክፍተት 0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው።

ከዚያ በ12 ቮልት ትንሽ አምፖል። አንዱን ሽቦ ከቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት ከሚያመነጨው ዕቃ) ወደ ዲስትሪቢዩተር በሚሄደው በኩል እሰር፣ ሌላውን የመኪናዋ ብረት ላይ። ፊት ለፊት ሽፋኑ ላይ ሦስት ምልክቶች አሉ፦ 10 ዲግሪ፣ 5 ዲግሪና ረጅሟ ዜሮ። ሞተሩን በ38 ቁልፍ ወደ ቀኝ እያዞርክ በፑሊው ላይ ያለውን ምልክት መካከለኛዋ ላይ አቁም። የማስነሻውን ቁልፍ ክፈት፣ የዲስትሪቢዩተሩን ዳዶ አላላ፣ አምፖሉ እስኪጠፋ አዙረውና ቀስ ብለህ መልሰህ፣ ልክ ሲበራ አጥብቀው። ፑንቲናው የተከፈተበት ቅጽበት እሱ ነው። ከዚያ መንገድ ላይ ስማው፤ በአራተኛ ማርሽ ከ40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ጋዝ ስትረግጥ ለአፍታ ቀላል መንኳኳት ሰምተህ መጥፋት አለበት። የሚቀጥል ከሆነ ትንሽ ወደኋላ መልሰው።

ዳገት ወጪ፦

ቦቢና ሰዓቱን ካነሳ የጂግለሩም (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነው ቀዳዳ) ነገር ይነሳ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ይሳሳል። የፋብሪካ ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሊትሩም ይጨምራል። ቀዳዳው በስፋት 6 ወይም 7 በመቶ ቢጠብ ልክ ይመጣል፦ 112 የነበረው ወደ 105። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ 112 ማለት 1.12 ሚሊ ሜትር።

ችግሩ ብዙ ሰው ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ከዚያ በታች ያጠብበዋል፤ አንዳንዱ ሽቦ ያስገባበታል። የሳሳ ድብልቅ ዳገት ላይ ቫልቭ ያቃጥላል። 105ም ቢሆን መተሐራ ወይም አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲወረድ ይሳሳል። ቆላ የሚመላለስ መኪና ከሆነ የፋብሪካውን ተወው፤ ጥቁር ካንዴላ ከተቃጠለ ቫልቭ ይሻላል። ሰማያዊ በነጭ፣ ካንዴላዎችህን ከዳገቱ እንደወረድክ አውጥተህ እይ። ነጭ ኖራ ከመሰሉ ቤንዚን አንሷል፤ ቡናማ ከሆኑ ጥሩ ነው።

ሰማያዊ በነጭ፦

ካንዴላዎቹ ጥቁር ናቸው፣ ጂግለሩ 112 ነው። አንዳንዴ ግን አናት ላይ ስትደርስ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል፤ 15 ደቂቃ ቆይቶ ይነሳል። ይሄስ የሙቀቱ ውጤት ነው?

ቦቢና፦

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ ወደ ተን ሲቀየር ነው። የላዳ የቤንዚን ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ ተለጥፎ ስለሚቀመጥ ይግላል፤ ተን ደግሞ አይገፋም። ሲጠፋ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጠቅልልና የእጅ ማንሻዋን ደጋግመህ ሳብ፤ ወዲያው ከተነሳ እሱ ነው። ፓምፑና ሞተሩ መሃል ያለው ወፍራም መከላከያ ወጥቶ ከሆነ ይመለስ። ሁለተኛው ቦቢናው ራሱ ሲሞቅ ሲደክም ነው፤ በጠፋበት ሰዓት ብልጭታ ሞክር። ብልጭታ ካለ ቤንዚን ነው፣ ከሌለ ቦቢና ወይም ኮንደንሰር።

ቴስታታ፦

እስካሁን የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ የጓርኒሲዮኑን ጥርጣሬ ግን ሳናጣራ አንለፍ። ባይወርድም መለካት ይቻላል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሳ፤ ውሃው ላይ እይ። የማያቋርጥ ትናንሽ አረፋ ከመጣና ጋዝ ስትሰጥ ከበዛ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ጥቂት አረፋ መጥቶ ካቆመ የቀረ አየር ነው። ዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ነጭ ቅባት በክረምት አጭር መንገድ ለሚሄድ መኪና የተለመደ እርጥበት ነው። በዘይት መለኪያው ዱላ ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ግን አታስነሳው።

ከዚያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የመጭመቅ ግፊት)። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ባትሪው ሙሉ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተረግጦ። መጽሐፉ ቢያንስ 10 ኪሎግራም በካሬ ሳንቲ ሜትር ይላል። ያ ባሕር ወለል ላይ ነው! አዲስ አበባ ላይ ያው ሞተር 7.5 ያህል ያሳያል፤ የሚገባው አየር ራሱ ስስ ነውና። እዚህ 7.5 ያሳየ ሞተር "ሞቷል" ተብሎ መውረዱ ያሳዝነኛል። ዋናው በሲሊንደሮቹ መሃል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 መብለጥ የለበትም። ሁለት ጎረቤታሞች፣ ለምሳሌ 2ኛውና 3ኛው፣ አብረው 4.5 ላይ ከወደቁ ጓርኒሲዮኑ በመሃላቸው ተበልቷል። አንድ ብቻ ከወደቀ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገም፤ ከወጣ ፋሻ ነው፣ ካልወጣ ቫልቭ።

ቫልቭ ከሆነ መጀመሪያ ክፍተቱን ለካ። ሲበርድ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለሁሉም። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፤ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስረክበው ሲዘጋ ስለሆነ ጠርዙ ይቃጠላል። የካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጥርሱ ላይ ያለውን ምልክት መያዣው ላይ ካለው ጋር አጋጥም፤ 4ኛው ሲሊንደር አናት ላይ ደርሷል ማለት ነው። ከፊት ስትቆጥር 8ኛውንና 6ኛውን አስተካክል። ሞተሩን ግማሽ ዙር አዙር፦ 4ኛና 7ኛ። ሌላ ግማሽ፦ 1ኛና 3ኛ። ሌላ ግማሽ፦ 5ኛና 2ኛ። ብሎኗን በ13 ያዝ፣ ዳዶዋን በ17 እሰር፤ ካሰርክ በኋላ እንደገና ለካ፣ ሲታሰር ይንቀሳቀሳልና። መለኪያው ትንሽ እየተጎተተ ማለፍ አለበት።

እውነት ጓርኒሲዮኑ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ይውረድ። ሲመለስ የቴስታታውን ፊት በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አይተህ 0.1 መለኪያ የሚያልፍበት ቦታ ካለ ይለፋ (ይላጭ)። ትልልቆቹ 10 ብሎኖች ከ120 ሚሊ ሜትር በላይ ከረዘሙ ተስበዋል፣ ቀይራቸው። ሞተሩ ላይ ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች ከውሃና ከዘይት አድርቅ፤ ከሥር የቀረ ፈሳሽ ብሎኑ ሲጫነው ብረቱን ይሰነጥቃል። በሁለት ዙር ከመሃል ወደ ዳር እሰር፦ መጀመሪያ ወደ 4 ኪሎግራም ሜትር፣ ቀጥሎ ከ9.8 እስከ 12.1። ለብቻዋ ያለችው 11ኛዋ ትንሿ ብሎን ከ3.2 እስከ 4 ብቻ ነች፤ በትልልቆቹ ልክ ከተጠበቀች ትበጠሳለች።

ሰማያዊ በነጭ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተደረገው ይሄ ነው፦ አዲስ ቴርሞስታት (ክሩ 81 ላይ ለቀቀ)፣ አዲስ ክዳን፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ኩላንት። አረፋ የለም። ኮምፕሬሽን 7.4፣ 7.3፣ 7.5፣ 7.4። ዳገቱ ላይ ጌጁ አሁን ቀይ አይገባም። የቀረው አንድ ነገር፣ አናት ላይ ደርሳ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ስትቆም ጌጁ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ስትንቀሳቀስ ይመለሳል።

ቴስታታ፦

በዚህ ኮምፕሬሽን ቴስታታህን ማንም አይንካው።

ቁልፍ 13፦

እየሄደች የሚሞቅ ከሆነ ውሃው አይዞርም፤ ቆማ የሚሞቅ ከሆነ አየሩ አያልፍም። አሁን ያንተ ሁለተኛው ነው። ችንጋውን በዲናሞውና በፓምፑ መሃል በአውራ ጣትህ ጠንክረህ ጫን፤ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ፓምፑም ፋኑም በሚኒሞ ይንሸራተታሉ። ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በውሃ እጠብ፣ በግፊት ማሽን ሳይሆን በጎማ፤ ክንፎቹ መሃል ነፍሳትና አቧራ ተጋግሮ ታገኛለህ። ሞተሩን አጥፍተህ ሙቅ እያለ ፊቱን በእጅህ ዳስሰው፤ በመሃል ቀዝቃዛ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ቧንቧዎቹ እዚያ ጋ ገና ደፍነዋል። በመጨረሻ ፋኑን የሚከብበውን ሽፋን እይ። ራዲያተር ሲጠገን ወጥቶ ሳይመለስ የሚቀረው እሱ ነው፤ ከሌለ ፋኑ አየሩን ከራዲያተሩ ሳይሆን ከጎኑ ይስባል።

ሰማያዊ በነጭ፦

ሽፋኑ የለም። ነገ የተፈታ ፈልጌ እገጥማለሁ።